የስፖርት መኪናን ሞተር በቤት ስለ መለወጥ
የኤም.ጂ.ቢ. አውቶሞቢልና የባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ታሪክ፤ በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር




በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች «ሞተር መለወጥ» ሲባል ሲሰሙ አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባቸው የሚመጣው፣ ያለቀ ሞተር ወርዶ በዚያው ዓይነት ሌላ ሞተር መተካቱ ነው። ይህ ድካም ያለበት ሥራ ነው እንጂ ጥያቄ ያለበት ሥራ አይደለም። ቡሎኑ በነበረበት ቀዳዳ ይገባል፤ ቱቦው በነበረበት ይገጠማል፤ ስሌቱንም ፋብሪካው ከብዙ ዓመታት በፊት ጨርሶታል። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ሌላውን ዓይነት ነው። ይኸውም አንድ ባለ ንብረት በቤቱ ጓሮ ወይም በጠባብ የመኪና ማቆሚያው ውስጥ ሆኖ፣ ለአንድ የስፖርት መኪና ጨርሶ ያልታሰበ፣ በቅርጹም ሆነ በኃይሉ የተለየ ሞተር ለማስገባት የሚነሣበት ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ልማድ በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ሥር የሰደደ ሲሆን ምሳሌዎቹም አያሌ ናቸው። ይሁን እንጂ ብዙ ምሳሌ በጥቂቱ ከመነካካት አንዱን በሰፊው መመርመር ይሻላል። የተመረጠው ምሳሌ የእንግሊዙ ኤም.ጂ.ቢ. ነው። የተመረጠበትም ምክንያት አለ። በዚህ በአንድ መኪና ላይ ፋብሪካው ራሱ ሞተር ለውጦ ተሳስቷል፤ አንድ ግለሰብ በትንሽ ጋራዥ ለውጦ ተሳክቶለታል፤ ከዚያም ፋብሪካው በግለሰቡ መንገድ ሄዷል፤ በመጨረሻም ሥራው ወደ ተራ ባለ ንብረቶች ጓሮ ወርዷል። ስሕተቱና ስኬቱ ጎን ለጎን የሚታዩበት እንዲህ ያለ ታሪክ ብዙ አይገኝም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ኤም.ጂ.ቢ. በኦክስፎርድ አቅራቢያ በምትገኘው በአቢንግደን ከተማ በ1962 መሠራት ጀመረ። ክፍት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ዋጋውም መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው የሚቀመስ መኪና ነበር። በ1965 ጣራ ያለው ጂ.ቲ. የተባለው ዓይነት ተጨመረበት፤ እስከ 1980 ድረስም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። የተለየ ሻንሲ የለውም፤ አካሉ ራሱ ሻንሲ ሆኖ ያገለግላል። ሞተሩ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 1,798 ሲ.ሲ.፣ ብሎኩም ቴስታታውም ከብረት የተሠራ፣ ወደ 95 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ነበር። ታማኝና ታጋሽ ሞተር መሆኑን የካደ የለም። ዳሩ ግን ዓመታት እያለፉ ሌሎች መኪኖች እየፈጠኑ ሲሄዱ፣ መኪናው ካለው ሞተር የበለጠ ኃይል ሊሸከም ይችላል የሚል እምነት በወዳጆቹ ዘንድ እየጸና መጣ።

ፋብሪካው ለዚህ ፍላጎት የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ኤም.ጂ.ሲ. ይባላል። በ1967 ሲወጣ 2,912 ሲ.ሲ. የሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ተሸክሞ፣ 145 የፈረስ ጉልበት ይዞ ቀረበ። በወረቀት ላይ የሚያኮራ ቁጥር ነበር። ነገር ግን ይህ ሞተር እንደ ፊተኛው ሁሉ ከብረት የተሠራ በመሆኑ፣ ከባለ አራቱ ሞተር ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ይከብድ ነበር። ያም ሁሉ ክብደት ያረፈው በፊተኞቹ ጎማዎች ላይ ነው። ሞተሩ ረጅምና ቁመታም ስለ ነበረ ከሥሩ ያለው የፊት ተሻጋሪ ብረት ተነሥቶ በሌላ ተተካ፤ ጥምዝ ሞላዎቹ ቀርተው እየተጠመዘዙ የሚሠሩ ቀጥ ያሉ የብረት ዘንጎች ገቡ፤ ኮፈኑም በላዩ ጉብታ ወጣበት። ይህ ሁሉ ተደርጎ የዘመኑ የመኪና ጋዜጠኞች ሲሞክሩት፣ መኪናው ቀጥታ መንገድ ላይ የሚሮጥ፣ መታጠፊያ ላይ ግን አፍንጫው የሚከብደውና ለመሪው በቶሎ የማይታዘዝ ሆኖ አገኙት። በ1969 ሲቋረጥ የተሠራው ወደ 9,000 የሚጠጋ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህን ሥራ የሠሩት ጀማሪዎች አልነበሩም። የስሌት ክፍል፣ የሙከራ ሜዳና በሥራቸው የተመሰከረላቸው ነጂዎች ነበሯቸው። ኤም.ጂ.ሲ.ን የጎዳውም የኃይል ማነስ አይደለም። አንድ ሞተር ሲመረጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ፈረስ ጉልበት አለው ሳይሆን ስንት ኪሎ ይመዝናል፣ ክብደቱስ በየትኛው ጎማ ላይ ያርፋል የሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጥያቄ በሚገባው መጠን አልተጠየቀም።

ሁለተኛው ሞተር ከወዴት እንደ መጣ መናገር ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም የሞተሩ ሕይወት ራሱ ከቤት ወደ ቤት የመዘዋወር ታሪክ ነው። የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ በ1961 ለቢዩክና ለኦልድስሞቢል ትናንሽ መኪኖች 3.5 ሊትር የሆነ፣ ብሎኩም ቴስታታዎቹም ከአሉሚኒየም የተሠሩ፣ በቪ ቅርጽ የተደረደሩ ስምንት ሲሊንደሮች ያሉት ሞተር አወጣ። ክብደቱ ከ150 ኪሎ ግራም አይበልጥም ነበር። አሉሚኒየሙን ያለ ቀዳዳና ያለ እንከን መቅረጽ ግን ብዙ ብክነትና ብዙ ወጪ ስላስከተለ፣ ኩባንያው በ1963 ሥራውን አቆመ። ጥቂት ቆይቶ የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ ሥራ አስኪያጅ ዊሊያም ማርቲን ኸርስት ለሌላ የንግድ ጉዳይ ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ ሳለ፣ የጀልባ ሞተር በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ከእነዚህ ሞተሮች አንዱን ወለል ላይ ተቀምጦ አየው። አስለካው፤ ለሮቨር መኪና እንደሚስማማም ተረዳ። በጥር 1965 ስምምነት ተፈረመ። ሞተሩም በ1967 በሮቨር መኪና፣ በ1970 ደግሞ በሬንጅ ሮቨር ውስጥ ገባ። በነገራችን ላይ፣ ጃክ ብራብሃም በ1966 የዓለም የእሽቅድድም ሻምፒዮን የሆነበት የሬፕኮ ሞተር የተሠራው ከዚሁ ከኦልድስሞቢል ብሎክ ተነሥቶ ነው። አሜሪካ ጥሎት የነበረ ብረት ይህን ያህል ሠርቷል።

ኬን ኮስቴሎ ሚኒ በተባሉት ትናንሽ መኪኖች የሚወዳደር እሽቅድድመኛና የሞተር ባለሙያ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ በኬንት ባለ ትንሽ ሥራ ቤቱ ይህን የአሉሚኒየም ሞተር በኤም.ጂ.ቢ. ውስጥ አስገባ። ብልሃቱ ያለው ሞተሩን ማስገባቱ ላይ አይደለም፤ ጉልበትና መንሻ ያለው ሁሉ ሞተር ያስገባል። ብልሃቱ የመረጠው ሞተር ላይ ነው። ስምንት ሲሊንደር ያለው ይህ ሞተር፣ ከሚወጣው ከባለ አራቱ የብረት ሞተር ጋር ክብደቱ ከሞላ ጎደል ይስተካከል ነበር። ስለዚህ የፊተኛው ተሻጋሪ ብረት ሳይነሣ፣ የሞላው ዓይነት ሳይለወጥ፣ የመኪናው ሚዛን እንደ ነበረ ቀረ። ካርቡሬተሮቹ ከፍ ብለው ስለ ተቀመጡ ብቻ ኮፈኑ ላይ ጉብታ ማበጀት ግድ ሆነበት። መኪናዎቹንም ለደንበኞች መሸጥ ጀመረ።

ከ1968 ወዲህ ሮቨርም ሆነ ኤም.ጂ. በብሪቲሽ ሌይላንድ ሥር በአንድ ጣራ የተጠቃለሉ ነበሩ። ሞተሩም የኩባንያው፣ መኪናውም የኩባንያው ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱን ያገናኛቸው የውጭ ሰው ነው። የኩባንያው ኃላፊዎች የኮስቴሎን መኪና አስመጥተው ከመረመሩ በኋላ የራሳቸውን ለመሥራት ወሰኑ። በነሐሴ 1973 ኤም.ጂ.ቢ. ጂ.ቲ. ቪ-8 ወጣ። ጣራ ባለው አካል ብቻ የተሠራ፣ 3,528 ሲ.ሲ.፣ 137 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ነበር።

የፋብሪካው መሐንዲሶች በዚህ ጊዜ የሠሩትን በዝርዝር ማየት ለቤት ሠራተኛው ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ ይጠቅማል። ካርቡሬተሮቹን ወደ ኋላ ወስደው ስላስቀመጧቸው ኮፈኑ እንደ ነበረ ቀረ። ራዲያተሩን ወደ ፊት አራመዱት፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ማራገቢያም ጨመሩለት። የፊተኞቹን የፍሬን ዲስኮች አወፈሩ። ፍሪሲዮኑን አሰፉ። የኋላውን ዲፈረንሲያል ጥርስ ቁጥር ለወጡ። አካሉን ግን ከጥቂት ቦታ በስተቀር አልቆረጡም። ይህን ሁሉ ሠርተው መኪናውን ለገበያ ባቀረቡ በሁለት ወሩ የ1973 የነዳጅ ቀውስ ደረሰ። በ1976 ሲቆም 2,591 ብቻ ተሠርቶ ነበር። የኤም.ጂ.ሲ. ውድቀት ከንድፍ የመጣ ነው፤ የዚህኛው ማነስ ግን በአመዛኙ ከዘመን የመጣ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት ፍርድ ማዛባት ይሆናል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ ቤት ገባ። ሮቨር ሞተሩን ለብዙ ዓመታት ስለ ሠራው ከአሮጌ መኪና የወረደ ሞተር በቀላሉ ይገኝ ነበር። ከ1974 መጨረሻ በኋላ የተሠሩት ኤም.ጂ.ቢ.ዎችም ባለ አራት ሲሊንደር ሆነው ሳለ የሞተር ክፍላቸው ለባለ ስምንቱ በሚስማማ ሁኔታ የተበጀ ነበር። ይህ ለቤት ሠራተኛው ያልተጠበቀ ስጦታ ሆነለት።

አንድ አስተዋይ ባለ ንብረት ሥራውን የሚጀምረው በመፍቻ አይደለም፤ በሚዛን ነው። ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት መኪናው በእያንዳንዱ ጎማ ሥር በተቀመጠ ሚዛን ላይ ይቆማል፤ አራቱም ቁጥሮች ይመዘገባሉ። የሚወጣው ሞተር ከነካምቢዮው ይመዘናል፤ የሚገባውም እንዲሁ። ይህን ያላደረገ ሰው ሥራው ሲያልቅ የኤም.ጂ.ሲ.ን ስሕተት መድገም አለመድገሙን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የሚያውቀው ዝናብ በጣለበት ቀን፣ በመታጠፊያ ላይ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የሞተሩ አቀማመጥ ነው። ብዙ ሰው ሞተሩ ኮፈኑ ሥር ከገባለት ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከካምቢዮው ወደ ዲፈረንሲያሉ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በሁለት ጫፎቹ ላይ መስቀለኛ መገጣጠሚያዎች፣ በጋራዥ ቋንቋ ክሮቼራ የሚባሉት፣ አሉት። አንድ ክሮቼራ በማዕዘን ሲዞር የሚያወጣው ፍጥነት እኩል አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። ሁለተኛው ክሮቼራ ይህን የሚያርመው የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሲያሉ መግቢያ ትይዩ ሆነው፣ ማዕዘኖቹ እኩል ሲሆኑና የዘንጉ ሁለት ሹካዎችም በአንድ አቅጣጫ ሲሰለፉ ብቻ ነው። ኮፈኑ እንዲዘጋ ብሎ ሞተሩን ከፊት በሁለት ዲግሪ ያወረደ ሰው ከኋላ ያለውን ማዕዘን ካላስተካከለ፣ መኪናው በከፍተኛ ፍጥነት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጎማ ሲያስመዝን፣ ቸርኬ ሲለውጥ፣ የሞተሩን ጎማ መቀመጫ ሲቀይር ወራት ያልፋሉ፤ ጥፋቱ ግን በመጀመሪያው ቀን የተሠራ ነው።

የኃይሉም ነገር እንዲሁ ነው። የባለ አራቱ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል 15 ኪሎ ግራም ሜትር ያህል ሲሆን የባለ ስምንቱ ከ26 ይበልጣል፤ ከኋላው ያለው ካምቢዮ ግን ለፊተኛው የታሰበ ነው። ፋብሪካው ራሱ ይህን ካምቢዮ ሲጠቀምበት በብዙ ጥንቃቄ ነው። ብዙ የቤት ሠራተኞች ከሮቨር መኪና የወረደውን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከሞተሩ ጋር አብረው የሚያስገቡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሳኔአቸውም ትክክል ነው። ዲፈረንሲያሉም ቢሆን፣ በቀድሞው መኪና ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ 3.9 ጊዜ ይዞር የነበረው በፋብሪካው ቪ-8 ላይ ወደ 3.07 ወርዷል። ባለ ስምንቱ ሞተር በዝግታ እየዞረ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ስለ ሆነ የቀድሞውን ጥርስ መተው ሞተሩን ያለ ጥቅም ማስጮህ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሙቀት ነው። የቪ ቅርጽ ያለው ሞተር ጭሱን የሚያወጣው በሁለት ጎን ነው። በእንግሊዝ መኪና መሪው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ፣ የመሪው ዘንግ በቀኙ የጭስ ማውጫ አጠገብ ያልፋል። ቦታው እጅግ ጠባብ ነው። አንዳንዶች ቱቦውን ከብሎኩ ጋር አጣብቀው ወደ ታች ያወርዱታል፤ ሌሎች ደግሞ ኩባንያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አር.ቪ.-8 በተባለው መኪና እንዳደረገው፣ የውስጠኛውን ክንፍ ቆርጠው ወደ ጎማው ክፍል ያስወጡታል። ሁለተኛው ለሙቀቱ ይበጃል፤ አካሉ ራሱ ሻንሲ በሆነ መኪና ላይ ግን የተቆረጠ ብረት ሁሉ የተነሣ ምሰሶ ስለ ሆነ፣ የቀዳዳው ዙሪያ በሚገባ ተበይዶ መጠናከር አለበት። ሞተር ሥራ ላይ ሲሆን በጎማ መቀመጫው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ነዳጅ በድንገት ሲሰጠው ወደ አንድ ጎን ይዘነበላል። ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ሳለ በቱቦውና በመሪው ዘንግ መካከል የጣት ውፍረት ክፍተት መኖሩ በቂ መስሎ ቢታይም፣ መኪናው ሲሄድ ሊነካካ ይችላል። የፍሬን ዘይት የሚሄድበት ቱቦ በዚያው አጠገብ ካለፈ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፤ ነጂው ሲረግጥ ፔዳሉ እስከ ወለል ይወርዳል። እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ሞተር የሚያበላሽ ስሕተት አይደለም።

ስለ ፍሬን ከተነሣ ቀላል ስሌት ማቅረብ ይበቃል። የቀድሞው መኪና የመጨረሻ ፍጥነት በሰዓት ወደ 170 ኪሎ ሜትር፣ የቪ-8ቱ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ፍሬኑ ወደ ሙቀት ለውጦ ማጥፋት ያለበት ጉልበት በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ጭማሪው ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይሆናል። ፋብሪካው ዲስኮቹን ያወፈረው ለጌጥ አይደለም። ብዙ የቤት ሠራተኞች ግን ገንዘባቸውን በሞተሩ ላይ ጨርሰው ፍሬኑን ለሚቀጥለው ዓመት ያስተላልፉታል። ይህ በግልጽ ሊነቀፍ ይገባል። ገንዘብ ካነሰ መቆየት ያለበት ሞተሩ ነው፤ ትልቅ ፍሬን ያለው ደካማ መኪና ማንንም አልገደለም።

ከዚህ ሌላ ሞተሩ የራሱ ጠባይ አለው። የብረት ቡሎን በአሉሚኒየም ውስጥ ስለሚገባ፣ በብረት ሞተር ላይ እጁን የለመደ ሰው ከልኩ በላይ ካጠበቀው ጥርሱን ይፈለቅቀዋል። ውኃው ዝገት ከሚከላከለው መድኃኒት ጋር ካልተቀላቀለ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። የዘይቱ ፓምፕ ደግሞ ተከፍቶ ከነበረ ዘይቱን በራሱ ላይስብ ስለሚችል፣ ከመዘጋቱ በፊት ጥርሶቹ መካከል ቫዝሊን ይታጨቃል። ይህ የመንደር ብልሃት የሚመስል ነገር የተመሰከረለት አሠራር ነው። ይህን ሳያውቅ ሞተሩን ያስነሣ ሰው የዘይት መለኪያው ከዜሮ አልነሣ ሲለው፣ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ራሱን ያጽናናል። በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩ አልቋል።

የቆዩ መኪኖችን ጠብቆ ማቆየት የሚሹ ሰዎች በዚህ ሥራ ላይ የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ። አንድ መኪና የዘመኑ ምስክር ነው፤ ሌላ ሞተር ማስገባት ምስክሩን ማጥፋት ነው ይላሉ። ተቃውሟቸው መናቅ የለበትም። ነገር ግን ግማሽ ሚሊዮን በተሠራ መኪና ላይና ጥቂት ብቻ በቀረ መኪና ላይ ፍርዱ አንድ ሊሆን አይችልም። ደግሞም ከ1988 ጀምሮ የኤም.ጂ.ቢ. አዲስ አካል በእንግሊዝ እንደገና መቀረጽ ስለ ጀመረ፣ መቁረጥ የፈለገ ሰው አዲሱን ይቁረጥ፤ አሮጌው ከነሙሉ ሞተሩ ይቀመጥ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ማለት አያሻም። በእንግሊዝ ሞተር የለወጠ ሰው ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤትም ለኢንሹራንስ ድርጅቱም ማስታወቅ አለበት፤ ያላስታወቀ ሰው አደጋ ሲደርስ ኢንሹራንሱ ላይቆምለት ይችላል። በእኛም አገር ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርና የሻንሲ ቁጥር ለየብቻ የተጻፉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሥራው ሲያልቅ የመጀመሪያው ጉዞ አጭር፣ ነጂውም ብቻውን ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያው ቀን የሚፈተነው ፍጥነቱ አይደለም፤ በዝግታ እየሄዱ ፍሬኑን ደጋግሞ መያዝ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞር፣ የሙቀትና የዘይት መለኪያዎቹን ሳይለቁ መመልከት ነው። ከዚያም ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩን የያዙት ቡሎኖች እንደገና ይጠብቃሉ፤ በመሪው ዘንግ ላይ የተቃጠለ ቀለም ወይም የተፋቀ ምልክት መኖሩ በመብራት ይፈለጋል። መኪናውም ወደ ሚዛኑ ይመለሳል፤ አራቱ ቁጥሮች ከመጀመሪያዎቹ አጠገብ ይጻፋሉ።